የክርስትና አባት ክንድ

ውድ ወንድሜ ኤፍራይን፣

ጤናህ እንዴት ከረመ? እኛ በኬትሳልቴናንጎ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አውቶቡሱ ሲገለበጥ የደቀቀው የግራ ክርኔ በብረት ተተክቷል። ሐኪሙ ግን «በዚህ ክንድ ዕድሜ ልክዎን ከሁለት ኪሎ በላይ እንዳያነሱ» አለኝ። ብረት ከአጥንት አይበረታም እንዴ? ግራ ገባኝ። የተማረ ሰው እንዲህ አድበስብሶ ይናገራል?

የእህታችን ልጅ ኦፌሊያ ለልጇ የክርስትና አባት አድርጋኛለች፤ ቄሱ ውኃ ሲያፈስበት ሕፃኑን የምይዘው እኔ ነኝ። አራት ኪሎ ገብቷል። ክብደቱን ስጠይቃት «አጎቴ፣ ሕፃን እንጂ የቡና ጆንያ መች ሰጠሁህ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ትናንት አራት ኪሎ በቆሎ በፎጣ ጠቅልዬ ግቢ ውስጥ ተለማመድኩ። ዶሮዎቹ እስካሁን እየለቀሙ ነው።

ለመሆኑ የፊታችን እሑድ ሥራ አለህ? ከመጣህ ጥቁር ሱፍህን ልበስና አጠገቤ ቁም፤ በጣም ተጠግተህ።

ቤተሰቡ ሁሉ በናፍቆት ሰላም ይልሃል።

ወንድምህ ሊዮኒዳስ