የኋላ ወንበር

ቴክሳስ፣ ጥቅምት 1944 እ.ኤ.አ.

ውድ ኦፓል፣

ማን እንደገደለሽ አውቃለሁ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። ነገ የአደጋው አጣሪዎች ፊት ቀርቤ ስሙን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። መካኒኩን ዴልማርን ነው።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሰው አላምንም። ግን እሱን መጠርጠር ይበዛበታል? ሴት ከመሪ ይልቅ መጥበሻ ብትይዝ ያምርባታል እያለ ሲያሾፍብን የከረመ ሰው ነው። የማሠልጠኛ አውሮፕላኖቹን ጠግኖ «ደህና ናት» ብሎ የሚፈርመው እሱ፣ ለወንዶቹ ሠልጣኞች ከመሰጠታቸው በፊት በነፍሳችን የምንሞክራቸው እኛ ሴት አብራሪዎቹ። ያንቺዋ እየተሽከረከረች ወርዳ የተከሰከሰች ቀን፣ ከስብርባሪው መሃል አንድ ነገር አንስቶ ብብቱ ውስጥ ሲሸጉጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አላየኝም።

ዛሬ ጠዋት እሱ የጠገናትን አውሮፕላን እንድሞክር ታዘዝኩ። ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፤ ያላመንሽውን መካኒክ ከኋላ ጭነሽ መብረር ነው።

«ና ውጣ፣ ዴልማር» አልኩት። «ከሞትንም አብረን ነው።»

ይፈራል ብዬ ነበር። ሳያመነታ ወጣ፤ ከመቀመጡ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ የኋላውን ወንበር ሥር ይዳብስ ጀመር። ምን ቀብረህ ነው የምትፈልገው አልኩት።

«ትራስ።»

«የምን ትራስ?»

«እግርሽ ፔዳሉ ጋ እንዲደርስ ከጀርባሽ የምትወትፊው። ያን ዕለት ከኋላው መሪ ሥር ተሰንቅሮ አገኘሁት። ስምሽ ተጠልፎበታል፣ ኔታ። የሞተችው አትመለስ፣ አንቺንም ለምን እንጨምር ብዬ ደበቅኩት።»

ኦፓል፣ አንቺ በወደቅሽበት ቀን ዋዜማ የዚያችው አውሮፕላን የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ትራሴን ባጣው፣ አብራን የምትተኛዋን ሩትን ሰረቀችኝ ብዬ ሦስት ቀን አኩርፌያታለሁ። የፊትና የኋላው መሪ አብሮ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከቁልቁለቱ ለመውጣት መሪሽን ስትስቢው እምቢ ያለሽ በኔ ትራስ ነው።

ነገ ስምህን ብሰጣቸውስ አልኩት።

«እንጃ» አለ። «ማታውን ሐሳቤን ቀይሬ ትራሱን አሳያቸው ይሆናል።»

ሳልበር ወረድኩ። ለምን እንዳዘነልኝ አሁንም እየጠረጠርኩ ነው፤ ምን ላድርግ፣ አመል ነው። ትናፍቂኛለሽ። ይቅር በይኝ እንዳልልሽ አፍራለሁ። ነገ አጣሪዎቹ የገዳይሽን ስም ሲጠይቁኝ፣ እዚህ እንደምጽፈው አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ፦

ኔታ ማክሬ