ሳያይ ይወረውር ነበር

ከኮነማራ፣ በግንቦት

ልጄ ዶናል፣

እግዚአብሔርና እናቱ ማርያም በዚያ በአውስትራሊያ ሙቀት ከክፉ ይጠብቁህ። እኛ ደህና ነን። ቀይዋ ላም ወልዳለች። የአባትህን ጉልበት ግን ተወው፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ስለው ይቆጣኛል።

ትናንት ለብርዱ ወራት ደርቆ ማገዶ የሚሆነንን የረግረግ አፈር ልንቆርጥ ወደ ረግረጉ ወረድን። ወንድምህ ኮርማክ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያችን ነው። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እርጥቡን ጓል እየቆረጠ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይወረውር ነበር፤ አንተ ከላይ ትቀልባለህ። "አንተ፣ አንድ ቀን ጥርሱን ታረግፍለታለህ!" ስለው፣ "እማ፣ የዶናል እጅ የት እንዳለ ከራሴ እጅ በላይ አውቃለሁ" ይለኝ ነበር።

ትናንት አባትህ እንደ እሱ ሳያይ ወረወረ። እኔ ራቅ ብዬ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ከላይ የሚቀልብ ማንም አልነበረም። ጓሉ ተንከባሎ ተመለሰና የጉድጓዱ ውኃ ውስጥ ወደቀ። አባትህ ቀና አላለም።

ከቀብሩ ወዲህ ስትደውል የወንድምህን ስም አንድ ቀንም አላነሳህም። አልቀየምህም፣ ልጄ። ለከርሞ ግንቦት ግን ና። ምንም አትናገር፤ ከላይ ቁምና ቅለብ ብቻ።

እስከዚያው እነዚያን እጆችህን ማርያም ትጠብቅልኝ።

እናትህ ኑዋላ