የሚስስ ኦግደን ምድጃ ለምን ይጠፋል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ዝናብ። ባከፕን በመሰለ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሌላ ምን አለ?

ጠዋት አንድ ቦይለር አጸዳሁ። ከሰዓት ሚስስ ኦግደን ጋ... ለሦስተኛ ጊዜ። በሴፕቴምበር የገጠምኩላቸው ክፍል ማሞቂያ የጋዝ ምድጃ ሻይ ሰዓት ላይ ራሱን ያጠፋል ይላሉ። ጭስ ማውጫ የሌለው ዓይነት ነው። ሙቀቱ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ በጣሪያ ወጥቶ እርግብ አያሞቅም። ለዚህ ነው የምወደው።

እኔ ስደርስ ግን ጤነኛ ነው። ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ለኮስኩት። ነደደ። ቤቱ ተወልውሎ፣ ብስኩቱ በሳህን ተደርድሮ፣ ሴትዮዋም ጸጉራቸውን ተሠርተው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አንቺን ሲያይ ያፍራል መሰለኝ» አሉ።

ሳቅኩ። ወጥቼ መኪና ውስጥ ስገባ ግን አልሳቅኩም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አለቃዬ ክላይቭ ዛሬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አዋረደኝ።

«ፕሮፌሰሯ! ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ምድጃ መለኮስ አያስተምሩም እንዴ?»

ሳቁ። ሁሉም።

«የገጠምኩት ልክ ነው» አልኩት።

«ልክ ከሆነ ለምን ይጠፋል?»

ምክንያቱን አላውቀውማ! ያቃጠለኝ ስድቡ አይደለም፣ አለማወቄ ነው።

አርብ ሄዶ ሊነቅለው ነው። እኔ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ስልክ አነሳለሁ። መፍቻዬን ከእጄ ተቀበለኝ... የራሴን መፍቻ! «ድምፅሽ ያምራል፣ ለስልክ ነው የተፈጠርሽው» ብሎ።

አርብ ምድጃው ከወጣ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ እቀራለሁ። በዚህች ከተማ ደግሞ ስም አንዴ ከተበላሸ ማን ቤቱን ያስገባኛል?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ቀኑን ሙሉ ስልክ። ከምሳ በኋላ አንዲት ሴትዮ ደወሉ። የጋዝ ምድጃቸው ሻይ ሰዓት ላይ ይጠፋል። የት ነው ቤትዎ? የሚስስ ኦግደን መንገድ። ማን ገጠመው?

«ክላይቭ ራሱ ነዋ፣ የኔ ቆንጆ።»

ብድግ ብዬ ቆምኩ። ቆየት ብሎ ሌላ ጎረቤት ደወሉ። እሱም የክላይቭ ሥራ።

ስለዚህ ምድጃው አይደለም። እኔም አይደለሁም። ታዲያ ምንድን ነው? ምድጃው ራሱን የሚያጠፋው የክፍሉ ኦክስጅን ሲያንስ ነው፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግድግዳው ላይ ያለው አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ግን በሄድኩ ቁጥር ክፍት ነው...

በሄድኩ ቁጥር። ደውዬ በሄድኩ ቁጥር!

እዚህ ማን ሳይደውል ሰው ቤት ይሄዳል? እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ደግሞ የማይነሳ፣ የማይወለወል ነገር የለም። እንግዳ በማይጠበቅበት ቀን ያ ቤት ምን ይመስላል?

ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ሳልደውል። ወጣቱ ሁሉ ለዓመታዊው የርችት ምሽት ወደ ሜዳ ሲወርድ እኔ በር አንኳኳሁ።

«ውይ! ቴሳ! ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ? ቤቱ እንዲህ ሆኖ!»

መስኮቱ በላብ ታጥቧል። ምድጃው ጠፍቷል። ከሶፋው ኋላ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ቀዳዳው ውስጥ... ከሱፍ የተሠራች ደረቷ ቀይ ወፍ! ጥቅጥቅ ተደርጋ ተወትፋለች።

ቶሎ መስኮት ከፈትኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ንፋሱ ቁርጭምጭሚቴን ሲበላኝ ጊዜ... ታዲያ በጋዜ ጎዳናውን ላሙቅ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አቧራ ይዛለች፣ አፈርኩ። ሰው ሲመጣ አነሳታለሁ።»

«ሚስስ ኦግደን፣ ምድጃው እንደ እርስዎ ይተነፍሳል። አፍና አፍንጫዎን አፍኜ ካፖርት ባለብስዎ ይሞቅዎታል?»

ፊታቸው ነጣ።

«እኛ እኮ ለመንገዱ ሁሉ ሠርተናል! ቸርች ሐሙስ ሐሙስ ሹራብ የምንሠራው ሴቶች... ለገና ስጦታ ብለን ጀምረን፣ ብርዱ ሲገባ ቀድመን አደልነው።»

አቀፍኳቸው። ከዚያ በየበሩ እየዞርን ስናስነቅል አመሸን። የሱፍ ጉጉት፣ የሱፍ ጃርት፣ አንድ የሱፍ የበረዶ ሰው። ሰማዩ ላይ ርችት ይፈነዳል፤ እኔ ለኔ የተተኮሰ ነው ብዬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ሚስስ ኦግደን ቢሮ ደወሉ። አልጠፋም። መንገዱ ላይ አንድም አልጠፋም።

አርብ፣ ኖቬምበር 7

ክላይቭ መንቀያውን ይዞ ሚስስ ኦግደን ቤት ሲገባ ቀድሜው ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር። የሹራብ ሴቶቹም አሉ። ክፍሉ ጢም ብሏል።

«አንቺ ስልኩን ለማን ትተሽ ነው?»

«ላንተ» አልኩት።

ሁሉን ነገርኩት። አላመነም። «እስቲ መልሰሽ ወትፊውና ሲጠፋ ልይ» አለኝ።

«አልወትፍም። ሰው ያለበት ክፍል ነው። ያ የምድጃው የኦክስጅን መቆጣጠሪያ ባይኖር ዛሬ ለቀብር ነበር የምንሰበሰበው።»

ያኔ ሚስስ ኦግደን ተነሱ። «ክላይቭ፣ አንተ የገጠምካቸውም ይጠፉ ነበር። ለነሱስ ማንን ስልክ ላይ አስቀመጥክ?»

ጆሮው ቀላ። ወይኔ፣ እንዴት እንደቀላ!

«ይቅርታ» አለ፣ ምንጣፉን እያየ።

«አልሰማሁም።»

«ይቅርታ፣ ቴሳ።»

«ሰኞ ይህንኑ በሠራተኛው ፊት ትደግመዋለህ። መፍቻዬንም አምጣ።»

ግን ነገሩ በዚህ አያልቅም። ንፋሱ እግራቸውን እየበላ እስከ መቼ ሳይወትፉ ይቆያሉ? ሰው ብርድ አይችልም። ጥፋቱ የሱፉ ብቻ አይደለም... ቀዳዳውን ታች ማድረጉ ነው። እነዚያን ቀዳዳዎች ሁሉ፣ የሚስስ ኦግደንን ጨምሮ፣ የበሳው ደግሞ ክላይቭ ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ደገመው። በሁሉም ፊት። ማንም አልሳቀም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

የሹራብ ሴቶቹ የመንገዱን ቀዳዳ በሙሉ የማዛወሩን ሥራ ለድርጅታችን ሰጡ። «ቴሳ ካልመራችው አይሆንም» ብለው።

ቀዳዳዎቹን ከሰው ራስ በላይ እያወጣሁ ነው፤ ንፋሱን ወደ ጣሪያ የሚመልስ ክዳን አለባቸው። አየሩ ይገባል፣ እግር አይበርደውም፣ የሚወትፍ የለም። ሚስስ ኦግደን ዛሬ ምድጃውን ዝቅ አድርገው፣ ካልሲ ሳያደርጉ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሳልደውል ነው የሄድኩት።

ከሰዓት ዝናቡ በረታ። መሰላሉ ጡቡ ላይ ይንሸራተታል። መሰርሰሪያዬን ይዤ ወጣሁና ወደ ታች አየሁ። ክላይቭ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «መሰላሉን ያዝ እንጂ።»

ያዘ።