የሰማያዊው ቀሚስ ትርፍ ጨርቅ

ልጄ፣ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ፤ ክፉ አይይህ። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም እንደኔው እያቃሰተች ትሠራለች። የጓዳው ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል።

የእህትህ ነገር አልሆነም። ሆዷን ሳይከፍቱ በአፏ አስገብተው፣ ቶሎ እንዲያጠግባትና እንድትከሳ ጨጓራዋ ውስጥ ውሃ የሞሉት ፊኛ ጊዜው ደርሶ ወጣ። ረሃቧ ተመለሰ፤ ኪሎዋም ተከትሎ መጣ። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏት ከሥራ ቀርታለች። አሁን ደግሞ ሐኪሙ፣ “በአፍሽ ቱቦ አስገብተን ጨጓራሽን ከውስጥ በስፌት እናጥብበው” አላት።

“ዶክተር፣ እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ስፌት ሲተረተር እያየሁ ነው ያደግኩት” ብላው ወጣች፤ እኔም ተከትያት ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስቄ ቤት ስገባ አለቀስኩ።

ፊኛው ሆዷ ውስጥ ሳለ ሰማያዊ ቀሚሷን አጥብቤላት ነበር። የደንበኛ ልብስ ሲሆን ትርፉን ጨርቅ አጥፌ ውስጡ አስቀራለሁ፤ ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል። የእሷን ግን ተስፋ አድርጌ ቆርጬ ጣልኩት። ትናንት፣ “እማዬ፣ ጠበበኝ፣ ልቀቂልኝ” ብላ አመጣችው። ገልብጬ አየሁት፤ የሚለቀቅ የለውም። እሷም አየች።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ የኔ ጌታ። እዚያ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ ካየህ ላክልኝ፤ በጎንና በጎኑ እቀጥልላታለሁ። ዘንድሮ ግን ትርፍ እተውበታለሁ።

እናትህ