አጋዘኑን ለማየት የተመረጠው ቅዳሜ

ኅዳር ፬ ቀን፣ ሰኞ። ጧት ፩ ሰ.

በቅደም ተከተል።
ኅዳር ፲፭፦ የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ገና ዋዜማ። አባባ በጾም ደም አያፈሱም።
ጥር ፲፩፦ ጥምቀት። በማግሥቱ ጨረቃ ሙሉ ናት። ጨረቃ ስትሞላ አጋዘን ሌሊቱን ቅጠል ሲቀነጥብ ያድርና ቀኑን ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውላል።
ጥር ፳፰፦ ጨረቃ የለችም። ወዲያው ረመዳን ይገባል፤ የመንገድ መሪያችን ይጾማሉ።
የካቲት ፳፮፦ ዐቢይ ጾም።
መጋቢት፦ በልግ። ግራሩ ቅጠል ይለብሳል። ከዚያ ወዲያ አጋዘን በአሥር ክንድ ርቀት ቢቆም አይታይም።
የዛሬ ዝናብ፦ ምንም። መለኪያው ውስጥ አንዲት ጉንዳን።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምደረድረው ለአባባ ነው። አርባ ዓመት የባቡር ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው፣ ከጡረታ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሐርላ በላይ ባለው ሸለቆ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘውን ወንድ አጋዘን አንድ ጊዜ ደግሞ ማየት። ከተቻለም መጣል። ሐኪሙ የዓይናቸው ብርሃን እየጠበበ ነው፣ ለፋሲካ ላይደርስ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ቀኑ አንድ ነው። አንዱን ቀን መሳት አይገባኝም።

ኅዳር ፯፣ ሐሙስ። ከሰዓት ፲ ሰ.

አደር ሮብሌ መጡ። «አደር» በሶማሌኛ አጎት እንደማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራቸው እንዲሁ ነው። የዚያን ሸለቆ መንገድ እንደሳቸው የሚያውቅ የለም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው አብረው ሲያድኑ የደነገጉት ሕግ አላቸው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን። ስለዚህ በተራ ያርዳሉ። ያረደው ሥጋውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ሌላው ቀንዱን። የመጨረሻውን አባባ አረዱ። ያኔ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርሁም ነበር።

አደር ሮብሌ ገና ሳይቀመጡ በአባባ ላይ ቀልድ ጀመሩ።

«አቦ ሙሴ ተሰማ፣ ቢላዬ ተራውን ሲጠብቅ ዝጎ አለቀ!»

«በምላስህ ሳለው። እሱ አይዶለዱምም» አሉ አባባ።

ከዚያ ቀልዱ ቆመ። አደር ሮብሌ በሚመጣው ሰኞ፣ ጾሙ ሳይገባ እንውጣ አሉ። ደጋግመው አሉ። ሠንጠረዡን አቀረብሁላቸው፦ ቅጠሉ ገና አልረገፈም፤ ውሃ በየጉድጓዱ ስላለ መንጋው ተበታትኗል፤ ጨረቃዋም እየሞላች ነው። በጥር መጨረሻ ግን ውሃ የሚቀረው በአንዲት ምንጭ ብቻ ነው። አደር ወረቀቱን ጥሩ ምንጣፍ እንደሚያይ ሰው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ማንበብ አይችሉም።

«ያምራል። ወላሂ ያምራል። አጋዘኑስ አንብቦታል?»

አባባ ሣቁ። ልጁ ዝናብን በጠርሙስ እየለካ ደመወዝ የሚበላ ነው፣ እሱ ይወስን ብለው ዘጉት። አደር ሮብሌ ሲወጡ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ወደ አባባ ዞረው አዩና ለቀቁኝ።

ወሰንሁ፦ ቅዳሜ፣ ጥር ፳፮።

ታኅሣሥ ፲፱፣ ሐሙስ። ቀትር።

እማማ ስለት ይዛ ቁልቢ ወጥታለች። ከተማው ባዶ ነው፤ ወይም ለእኔ ባዶ ይመስላል። ነፋሱ ከጣቢያው በኩል የከሰልና የሎሚ ሽታ ያመጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ። በሕልሜ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ፣ በጎርፉ ላይ ቀንዶች ብቻ ቀስ እያሉ ሲሄዱ አየሁ። ድምፅ የለም። መለኪያዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ስንት ሚ.ሜ. እንደሆነ ማንበብ ተሳነኝ።

የነቃሁት በብርጭቆ ድምፅ ነው። አባባ ውሃ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጪ አፍስሰዋል። ብርጭቆውን ማን አዛወረው ብለው ተቆጡ። ማንም አላዛወረውም። እንዲሁ መዝግቤዋለሁ፤ ትርጓሜ አልሰጠሁም።
ዝናብ፦ ምንም።

ጥር ፲፪፣ ቅዳሜ። ምሽት ፲፪ ሰ. ተኩል።

ከአባባ ጋር ደቻቱ አሸዋ ላይ ተራመድን። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው ቀን የጠጣውን ሙቀት ከሥር ይመልሳል። ጨረቃ በምሥራቅ ወጣች፤ ሙሉ፣ ቀላ ያለች፣ ከወትሮዋ የገዘፈች። ግመሎች በፊቷ አለፉ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ያየሁ አይመስለኝም።

አባባ ፊታቸውን ወደ እርሷ እንዳዞሩ፣ ጨረቃ ወጣች ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ወጥታለች አልኋቸው።

ቆይቶ፣ ከምሽቱ ፩ ሰ. ተኩል።

አደር ሮብሌ ቤት ሄጄ ነበር። ያውቃሉ። የአባባ ዓይን ሐኪሙ ካለው ፈጥኖ እየጠፋ መሆኑን ከኅዳር በፊት ጀምሮ ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው ሰኞ እንውጣ ያሉት። ለልጁ እንዳትነግር ብለው አባባ አስምለዋቸዋል። ያኔ ትንሽ ያዩ ነበር፤ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። በሠንጠረዤ ላይ ዝናብ፣ ቅጠል፣ ጨረቃ፣ የሁለት ሃይማኖት ጾም፣ ሁሉም ዓምድ አለው። ለአባባ ዓይን ዓምድ አልሠራሁለትም። እስከ ፋሲካ የሚለውን ቃል ይዤ፣ ከዚያ በፊት ያለው ቀን ሁሉ እኩል ነው ብዬ አስልቼ ነበር።

እንሰርዘው ወይ አልኋቸው። አደር ሮብሌ ተቆጡ።

«አንተ ቀን መረጥህ አይደል? ሰውዬው ቀን እየቆጠረ ነው። ምንሽሩን በየቀኑ ይወለውላል። ትሄዳለህ! ዝም ብለህ ትሄዳለህ።»

ጥር ፳፮፣ ቅዳሜ። ከሰዓት ፱ ሰ.

በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ጎህ ሲቀድ ከሐርላ ፍርስራሽ በላይ ነበርን። ቅጠሉ ረግፏል። ንፋሱ ወደ እኛ ይነፍሳል። ምንጩ ዳር የትናንት ዱካ አለ። ስሌቴ በሙሉ ትክክል ነበር፤ ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም። አባባ ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ምንሽሩ ጭናቸው ላይ። ጭጋጉ ከሸለቆው እንደ ወተት አረፋ ተነሣ፤ ግራሩ የሚንሳፈፍ መሰለ።

መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ቀንድ ከቅርንጫፍ ጋር ሲነካካ። ጣታቸውን አነሡ፤ አደር ሮብሌ ወደዚያ አዩ፣ ከዚያ እኔ። ከጭጋጉ ወጣ። ስልሳ ክንድ ቢሆን ነው። ቆመ።

አደር ሮብሌ የምንሽሩን አፈሙዝ በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው አቀኑት። ልኩ ላይ ደረሰ። አባባ ምላጩ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ከዚያ አባባ አፈሙዙን አወረዱና ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ንገረኝ አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

ነገርኋቸው። ቀለሙ አመድማ፤ አንገቱ ሥር ጺም፤ ቀንዱ ሁለት ጊዜ ተኩል የተጠማዘዘ፣ ጫፉ የነጣ፤ ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ፤ ጎኑ ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሰባት ነጭ መስመሮች።

«ስምንት ናቸው» አሉ፣ በልባቸው የያዙትን የድሮውን የቆጠሩ ይመስል።

እንደገና ቆጠርሁ። ሰባት ናቸው። አደር ሮብሌ በክርናቸው ጎሰሙኝ።

«ስምንት ናቸው፣ አባባ።»

ፈገግ አሉ። አጋዘኑ ጠጣ፤ ቀና አለ፤ ወደ ጭጋጉ ተመልሶ ገባ። ፀሐይ እስክትወጣ ማንም አልተነሣም። ስንወርድ አባባ የአደር ሮብሌን ትከሻ ይዘው፣ ቢላህ ደግሞ ትንሽ ይዛግ አሉ። ተራዬን ለልጅ ልጄ አወርሳለሁ አሉ አደር።

ሠንጠረዡን መሳቢያ ውስጥ አኖርሁት። ምን ያህል እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም። አልተኮስንም።