ግድቡ ላይ ኔትዎርክ የለም ይላሉ

ኪሱጉ፣ ጁላይ 2021

ውድ አባዬ፣

ትልልቅ ሰዎች ውሸት አይችሉበትም። ስልክህ ከተዘጋ ይኸው ሰባት ቀኑ። ጋሽ ሳሊህን ሱቃቸው ሄጄ ስጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን የሩዝ ሚዛኑ ላይ ተክለው፣ "ቻርጅ አልቆበት ነው" አሉኝ።

"ግድብ ላይ ተቀምጦ ለመንደሩ ሁሉ መብራት የሚሰጥ ሰው፣ ቻርጅ አለቀበት?"

"ኔትዎርክም የለም።"

"ትናንት በሎክዳውኑ መንገድ ተዘግቶ ነው ብለውኝ ነበር።"

"ሁሉም ነው! ወይ ይቺ ልጅ፣ መርማሪ ሆና ቀረች!"

ከዚያ ደግሞ እትዬ ዛሂዳ በየቀኑ እየመጡ ልብሳችንን ማጠብ ጀመሩ። ከእማዬ ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ተኳርፈው የከረሙት ዛሂዳ! እኔንም የሚቆጣኝ ጠፋ። በምሳ ሰዓት እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ፣ ሁለት ሮሌክስ ስጎርስ አይተው፣ "ብዪ የኔ ልጅ" አሉኝ። አባዬ፣ የኛ ትልልቅ ሰዎች ሲቆጡ ሰላም ነው። ደግ ሲሆኑ ግን አልወድም።

ዛሬ ከአዲስ ቁጥር ሜሴጅ ገባልኝ፦ "ለውድ ልጄ ለሲቲና፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ጎርፉ ጋብ ሲል እመጣለሁ። አባትሽ ያሕያ።"

አንተ መቼ ነው ሲቲና ብለኸኝ የምታውቀው? "አንቺ ቀበሮ፣ በላሽ?" ነው የምትለኝ። ደሞስ ስለ ጎርፍ ማን ጠየቀ?

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቁጥሩን ደወልኩ። ከሩዙ ጆንያ ጀርባ ስልክ ጮኸ።

ልስቅ ነበር። ጋሽ ሳሊህ ግን አልተቆጡኝም። ሚዛኑን ትተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"ደራሹ ውሃ ያመጣው ግንድ የግድቡን መግቢያ ዘግቶት፣ እሱን ሊያነሳ ወረደ" አሉኝ። "ውሃው ወሰደው። እዚያው ተቀበረ። እናትሽ ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፣ ልጄ። እስክትገላገል ብለን ነው።"

ቤት ስገባ እማዬ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"አባትሽ ደወለ?"

"ደወለ።"

"ምን አለ?"

"ቀበሮዋ በላች ወይ አለ።"

ሳቀች። ሰባት ቀን ሙሉ ያንን ሁሉ ውሸት ሲነግሯት አንዴም አልሳቀችም ነበር።

እና አባዬ፣ ያ ሕፃን እስኪመጣ በየቀኑ ትደውላለህ። ምን እንደምትል እኔ አውቃለሁ። ለቅሶዬን ለዚያ ቀን አቆይቼልሃለሁ።

በላሽ ወይ ካልከኝ፣ አዎ፣ በልቻለሁ።

እሱንም ዋሸሁህ።

ቀበሮህ