የእትዬ ሰሊጥ አርባ ቃል

ሁላችንም እትዬ ሰሊጥ እያልን የምንጠራቸው እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ጠርዝ ከሚዘመዝሙ እናታቸው፣ ከስፌት ሱቁ በስተጀርባ ባለችው አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ የዛሬ ስልሳ ሦስት ዓመት ተወለዱ። እናታቸውን ምጥ የያዛቸው የሰው ሱሪ ሲተኩሱ ነበር። አዋላጇ ስትደርስ ሕፃኗ ቀድማ ተወልዳ፣ በግራ እጇ የክር ጫፍ ጨብጣ ተገኘች። ይህን የሚመሰክረው ታናሽ ወንድማቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው። ያን ጊዜ እሱ አልተወለደም፤ ቢሆንም ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይነሳ።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። በዘጠኝ ዓመታቸው አባታቸው ከሱቁ ወጣ ሲሉ፣ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና ከብጣሽ ሐር ላይ «አባዬ» ብለው ጠለፉ። አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ፤ አልታይ ቢላቸው የደንበኛቸውን መነጽር በላዩ ደረቡበት። «ይቺ ልጅ ፊደል አልጻፈችም፣ ሰሊጥ ነው የዘራችው!» አሉ። ስሙ በዚያው ቀረ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። የእጅ ጽሑፋቸው እጅግ ከማማሩ የተነሣ ርዕሰ መምህሩ የተማሪውን ሁሉ የምስክር ወረቀት ያስጽፏቸው ነበር፤ የራሳቸውንም ጭምር። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው አባታቸው ታመው ሲተኙ ትምህርቱን ትተው በአባታቸው ወንበር ተቀመጡ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ተቀጥረው፣ በደረት ኪስ ላይ የመሥሪያ ቤት ስም ሲጠልፉ ስምንት ዓመት ቆዩ። ትልቅ ፊደል ግን ንቀውት ኖረዋል። «እሱንማ ሥጋ ሻጭም በቢላው ይጽፈዋል» ይሉ ነበር።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ጸጥተኛ የቧንቧ ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በሠላሳ ዓመታቸው አንድ በር፣ አንድ መስኮትና ሁለት መኪና ያላትን የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሲሞላት ባለቤታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ በዚያች ሱቅ ውስጥ እንደ መርፌና ክር ሆነው ኖሩ።

እትዬ ሰሊጥ በዓለም ላይ አቻ አልነበራቸውም። ቁመቷ የሩዝ ፍሬ የማያህል ፊደል በስስ ሐር ላይ መጥለፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳ ይችላል። ክሩ ትንሽ ከወፈረ የ«መ» ቀዳዳ ይደፈናል። መርፌው ከደነዘ ጨርቁ ይጨማደዳል። ከስር የሚደረገውን ወረቀት በመቀስ በመከርከም ፋንታ የጎተተ ሰው ፊደሉንም ጎትቶ ያመጣዋል። ጥጥ ላይ የተሳሳተ ይፈታል፤ ሐር ላይ ግን መርፌ የወጋው ቀዳዳ እንደተከፈተ ይቀራል። ስለዚህ እትዬ ከዚያው ጨርቅ በተቆረጠ ብጣሽ ላይ ሳይሞክሩ ዋናውን አይነኩም ነበር። «ሐር ይቅርታ አያውቅም» ይሉ ነበር።

ደንበኛ የሚያመጣላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ከሱቁ በር ቆሞ «እህቴ በዝንብ ክንፍ ላይ አድራሻ ትጽፋለች! እጇ ስቶ አያውቅም!» ሲል መንገደኛው ሁሉ ዘወር ይላል። እትዬም ከውስጥ ሆነው «አንተ ነጋሪት፣ አፍህን ሰብስብ! የምጠልፈው እኔ ነኝ» ይሉት ነበር። የእህቱ ልጅ ከመኪናው ሥር ተቀምጣ ይህን እየሰማች አደገች። የእናቷ እጅ እንደማይስት ከፊደል በፊት የተማረችው ከአጎቷ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ስኳር ዓይናቸውን ይጎዳው ጀመር። ለማንም አልተናገሩም። መኪናውን በድምፁ፣ ጨርቁን በጣታቸው እያወቁ መሥራታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን ክሩን ሦስት ጊዜ ከመርፌው ጎን ሲያሳልፉት ወንድማቸው አይቷል። «አምፖሉ ደክሟል» ብሎ አምፖል ቀየረ። ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

የዛሬ አራት ዓመት ልጃቸው ልትዳር ሆነ። እትዬ መጀመሪያ ላይ «ልጁ ጥሩ ነው፣ ግን ቸኩለሻል» ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ሙሽራውን እንደ ልጃቸው ተቀበሉት። በዓይነ ርግቧ ጠርዝ ላይ ዐሥራ አንድ የምርቃት ቃል ሊጠልፉላት አሰቡ። የሙሽራው ቤተሰብ ሊጠይቅ በመጣ ዕለት ግን ወንድማቸው ተነሥቶ «ዐሥራ አንድ ምን አላት! አርባ ቃል ትጽፋለች፤ ያውም በሁለት መስመር!» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እትዬ ወደ ጓዳ ጠሩት። «ዐሥራ አንድ ነው ያልኩህ። ጨርቁ አርባ አይችልም።»

«ሰው ፊት ተናግሬያለሁ እኮ፣ እትዬ! አታዋርጂኝ።»

አላዋረዱትም። ብጣሽ እንኳ ሳይተርፍ ጨርቁ በሙሉ ለዓይነ ርግቡ ስለዋለ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሞክሩ ጀመሩ። አርባ ቃል ማለት በሺህ የሚቆጠር የመርፌ ቀዳዳ ማለት ነው፤ ዓይን ያለው ሰው ቀዳዳዎቹ መቀራረባቸውን ያያል። እሳቸው አላዩም። ጨርቁ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበሳስቶ ነበር። በሠርጉ ዕለት ከአዳራሹ ደጃፍ ሚዜዋ ዓይነ ርግቡን ገልጣ ወደ ኋላ ልትጥለው ስታነሣው፣ ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ አርባው ቃል መሬት ላይ ወደቀ።

ሙሽራዋ ያን ቁራጭ አየችው። «የእማዬ እጅ ስቶ አያውቅም» አለች። «ጋብቻዬን አልወደደችውም ነበር። ሆን ብላ ነው!»

እትዬ የዓይናቸውን ነገር መናገር ይችሉ ነበር፤ ወንድማቸውንም መጥቀስ ይችሉ ነበር። ወንድማቸው ከጎናቸው ቆሟል። ያ ሁሉ አፍ የነበረው ሰው ያን ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም። እትዬም «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ልጃቸው ከባሏ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ ስልክ ቢደወልላትም አላነሣችም። የልጅ ልጃቸው መወለዱን የሰሙት ከጎረቤት ነው።

አምና ኩላሊታቸው ሲደክም፣ አንድ ዓይናቸው ጨልሞ ሌላው ጥላ ብቻ ሲቀረው፣ አንድ የሐር መሐረብ አስገዙ። ወንድማቸው ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያስገባላቸው፣ እሳቸው የሚጽፉትን ጮክ ብለው እያሉ፣ ዐሥራ አንድ ቃል በዘጠኝ ቀን ጠለፉ። በስድስተኛው ቀን ጨርቁን የሚወጥረው ክብ ላልቶ ሁለተኛው መስመር በመጀመሪያው ላይ ወጣበት። ወንድማቸው አየ። ሲጨርሱ መሐረቡን በሁለት እጃቸው ዘርግተው «ይነበባል?» ብለው ጠየቁት።

«ይነበባል ወይ? ከመጽሐፍ ይበልጣል እንጂ!» አላቸው።

እሱው ራሱ በፖስታ ላከው። በሦስተኛው ሳምንት ከአንዲት ወረቀት ጋር ተመልሶ መጣ፤ «የክር ቋጠሮ ልካችሁ ልትቀልዱብኝ ነው?» ይላል። ወረቀቱንም መሐረቡንም በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተና ለእህቱ «ደርሷታል። እያለቀሰች ነው ያነበበችው። ልትመጣ ነው» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ጠበቁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሻሻቸውን ያስተካክሉ ነበር። ውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ያስተካክላሉ፤ ነርሷ ስትመጣም ያስተካክላሉ። «ልትመጣ ነው ብለኸኛል እኮ» ይሉታል። እሱም «መንገድ ላይ ናት» ይላቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ «በሩን አትዝጋው» እንዳሉ ዐረፉ። ልጃቸው መርዶ ሰምታ የደረሰችው ረቡዕ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዕድሜው ብዙ ነገር ሲያገዝፍ ኖሯል። ከዚህ በታች ያለው ግን በልኩ ነው፤ ፊደል በፊደል ሲጠለፍ ከጎናቸው ተቀምጦ ሰምቶታል። ከፊት ወንበር ለተቀመጠችው ልጃቸው፣ እናትሽ በመሐረቡ ላይ የጻፉት ይህ ነው፦

«ልጄ፣ ሆን ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ጠፍቶ ነው። ፊትሽን በእጄ ልዳስሰው ነይ።»

መሐረቡ ይህን በሚያነበው ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ከመድረኩ ሲወርድ ይሰጥሻል። አርባውን ቃል ያለው እሱ ነው፤ እናትሽ ያሉት ዐሥራ አንድ ነበር።

እትዬ ሰሊጥ አንዲት ልጅ፣ ፊቱን ያልዳሰሱትን አንድ የልጅ ልጅና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ስስ ነገር ሳይቀድ የሚይዝ አምላክ ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል፤ ዓይናቸውንም ይመልስላቸው። ለቀረነውም እንደ ሐር ሳይሆን ይቅር የሚል ልብ ይስጠን። አሜን።